ዱዓውም ኬሞውም፦ ካንሰር የያዘውን ቤተሰብ በኢማንና በተስፋ ማስታመም



 

እናቴ የጡት ካንሰር እንዳለባት የታወቀው እኔ በመምህርነት እሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተመላለስን ሦስት ዙር ኬሞ ወሰደች። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ፀጉሯ አለቀ፤ አፏ ቆስሎ ውሃ መዋጥ እንኳን አቃታት። ሊጠይቋት ከመጡት ዘመዶቻችን አንዷ «በሽታው ሳይሆን መድኃኒቱ ነው እየገደላት ያለው። ለአላህ ስጡትና ተዉት» አሉ። ሌላው ደግሞ ሩቅያ የሚያደርግ ሰው እንደሚያውቅ ነገረን። እናቴም በጣም ደክሟት ስለነበር «እንግዲህ ይብቃኝ፤ በአላህ ተወከልኩ» አለች።

እኔ የኢስላም ትምህርት ተምሬ የተመረቅኩ ሰው ነኝ። የተወኩልን ትርጉም ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። የዚያን ቀን ግን ዝም አልኩ። ሽማግሌዎች ፊት መከራከር ከበደኝ፤ እውነቱን ለመናገር የእናቴን ስቃይ ማየትም ሰልችቶኝ ነበር። ሕክምናው አራት ወር ተቋረጠ። ስንመለስ ሐኪሙ አልተቆጣንም። የምርመራውን ውጤት አየና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ዕጢው አድጎ ነበር።

ይህን የምጽፈው በዚያች ቀን ቤታችን ውስጥ አንድ ሰው ሊናገረው ይገባ የነበረውን ለመናገር ነው። እንዲህ ዓይነት ውይይት ዛሬም በብዙ ሙስሊም ቤቶች ውስጥ እየተካሄደ ነውና።

ኬሞ ለምን ያደክማል?

«መድኃኒቱ ነው የሚገድላት» የሚለው ንግግር ሰሚ የሚያገኘው ዓይን የሚያየው ነገር ስላለ ነው። ታማሚዋ ሆስፒታል የገባችው በእግሯ እየሄደች ነው፤ ከኬሞ በኋላ ግን ተደግፋ ትወጣለች። ምክንያቱን ማወቅ ታዲያ ከብዙ ጥርጣሬ ያድናል።

ካንሰር ማለት የሰውነታችን ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ስተው ያለልክ ሲባዙ የሚፈጠር በሽታ ነው። አብዛኛው የኬሞ መድኃኒት ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሕዋሳትን እያደነ ይገድላል። ችግሩ በጤናማው ሰውነታችን ውስጥም በተፈጥሯቸው ቶሎ የሚባዙ ሕዋሳት መኖራቸው ነው፦ የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ውስጠኛ ክፍል፣ ደም የሚሠራበት የአጥንት መቅኔ። ፀጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው፣ ማቅለሽለሽና ድካም የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ጤናማዎቹ ሕዋሳት ግን በአላህ ፈቃድ ያገግማሉ፤ ፀጉሩም ይመለሳል። በዙርና በዙር መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት የሚሰጠውም ሰውነት እንዲያገግም ታስቦ ነው። ሕክምናው በመሃል ሲቋረጥ ግን የሚያገግመው ጤናማው አካል ብቻ አይደለም፤ ካንሰሩም ያገግማል።

ስለዚህ ታማሚው «አልቻልኩም» ሲል መልሱ «ተወው» አይደለም። መልሱ ለሐኪሙ መናገር ነው። ለማቅለሽለሹም፣ ለአፍ ቁስሉም፣ ለሕመሙም መድኃኒት አለ፤ የኬሞው መጠንም ሊስተካከል ይችላል። እኛ ይህን ሳንጠይቅ ነበር ወደ ቤታችን የተመለስነው።

ተወኩል ሰበብን መተው አይደለም

የገጠር ዐረቦች ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው መታከም ይችሉ እንደሆነ በጠየቋቸው ጊዜ እንዲታከሙ አዘዋቸዋል፤ አላህ ከእርጅና በስተቀር መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም ነግረዋቸዋል። ይህን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ለባልደረባቸው ለኡበይ ኢብን ከዕብ ደግሞ ሐኪም ልከውለት፣ ሐኪሙ የደም ሥሩን ቆርጦ እንደተኮሰው በሙስሊም ዘገባ እናገኛለን። ልብ በሉ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዱዓቸው ተቀባይነት ያለው ነቢይ ናቸው። ሆኖም ለባልደረባቸው ሐኪም ላኩ።

ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ በዚያ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ነው ወይ የሚሸሹት ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱላቸው። በሽታው ቀደር ከሆነ መድኃኒቱም ቀደር ነው። ሐኪሙም፣ የሪፈር ወረቀቱም፣ ሌሊት ተነስቶ ወረፋ የሚይዘው ወንድምም ቀደር ናቸው።

ነቢዩላህ አዩብን (ዐ.ሰ) እንደ ሰብር ምሳሌ እናነሳቸዋለን። በሱረቱ ሷድ ያለውን ፍጻሜ ግን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። አላህ ያለምንም ሰበብ ሊያሽራቸው ይችል ነበር፤ ነገር ግን እግራቸውን መሬት ላይ እንዲመቱ፣ በፈለቀው ውሃም እንዲታጠቡና እንዲጠጡ አዘዛቸው። ያ ሁሉ ዓመት ለታመመ ሰው እግርን ማንሳት ቀላል ሥራ አልነበረም። እርሳቸው ግን አነሱ።

ሩቅያ፣ ዘምዘምና ጥቁር አዝሙድ

ቁርኣንን ቀርቶ ለታመመ ሰው ሩቅያ ማድረግ በሱንና የጸደቀ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ታማሚው ለራሱ፣ ወይም ቤተሰቡ ለእርሱ የሚያደርገው ነው። ፋቲሓን፣ አየተል ኩርሲንና ሦስቱን ቁል ለመቅራት ገንዘብ የሚከፈለው ሰው አያስፈልግም። እኔ በእናቴ እራስጌ ቁጭ ብዬ ስቀራ ፊቷ ላይ የማየው እፎይታ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ጥፋቱ የሚጀምረው አንድ ሰው ተነስቶ «ሩቅያው እንዲሠራ የሐኪም መድኃኒቱን አቁሙ» ሲል ነው። እንዲህ የሚል ሰው ቤታችሁ እንዲገባ አትፍቀዱ። ከሸሪዓ ማስረጃ የለውም፤ ለጉዳቱም ኃላፊነት አይወስድም።

ጥቁር አዝሙድና ማርም በሐዲስ የተመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን በዘይት ወይም በዱቄት መልክ በብዛት የሚወሰዱ ነገሮች ከኬሞው ጋር ሊጋጩ፣ ጉበትንም ሊጎዱ ይችላሉ። ምን እየሰጣችሁ እንደሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። ዕፅዋት ቀላቅለው በጠርሙስ የሚሸጡ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ነገር ግን ባትሰጡ ይሻላል።

እውነቱን ከታማሚው አትደብቁ

እኛ ቤት ለእናታችን «ትንሽ እብጠት ነው» ብለን ነበር የነገርናት። ማንበብ ስለማትችል አታውቅም ብለን አሰብን። እውነቱን የነገሯት አጠገቧ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ ሴቶች ናቸው። ማታ ወደ አረፍንበት ቤት ስንመለስ «ልጄ፣ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ዱዓዬን ለይቼ አደርግ ነበር» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልወቀሰችኝም።

አዋቂ ታማሚ በሰውነቱ ስለሚሆነው የማወቅ መብት አለው። ዕዳ ሊኖርበት፣ አማና ሊኖረው፣ ይቅርታ ሊጠይቀው የሚፈልገው ሰው ሊኖር ይችላል። ሙስሊም የሚናዘዘው ነገር ካለው ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት ማሳለፍ እንደማይገባው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ይህ ለጤነኛውም የተነገረ ነው፤ ታማሚውንማ እንዴት እንከለክለዋለን? እርግጥ አነጋገሩ ርኅራኄ ይፈልጋል። በሚወደው ሰው አንደበት፣ ቀስ በቀስ፣ ከነሕክምናው ተስፋ ይነገረው። «ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ ይህን ይህን ሊያደርጉ አስበዋል። እኛም ከአጠገብህ አንለይም፤ አብሽር» ማለት ይቻላል።

አስታማሚ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፣ ትኩሳት። ከኬሞ በኋላ፣ በተለይ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይቀንሳሉ። ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ይኑር። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ማስታገሻ ሰጥቶ ማሳደር ሳይሆን ወዲያውኑ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ንጽሕና። ኬሞ በተወሰደ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት መድኃኒቱ በሽንት፣ በሰገራና በትውከት ይወጣል። ስታጸዱ ጓንት አድርጉ፤ የነካውን ልብስም ለብቻው እጠቡ።

ሦስተኛ፣ ምግብ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅር። ምግቡ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ቶሎ ቶሎ ይቅረብ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለታመመና ላዘነ ሰው ተልቢና የሚባለውን ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን ሾርባ እንዲሠራ ያዙ እንደነበር፣ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) የታማሚን ልብ እንደሚያሳርፍ መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም፤ ከገብስ አጥሚታችን ጋር የሚቀራረብ ነው። አፏ በቆሰለበት ጊዜ ለእናቴ የወረደላት እርሱ ብቻ ነበር፤ ለብ ባለ መጠን፣ ያለ በርበሬና ያለ ሚጥሚጣ።

አራተኛ፣ ሶላት። ታማሚ «እንዲህ ሆኜ ምን ሶላት አለኝ» ብሎ እንዳይተው እርዱት። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) ታመው በጠየቁ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው፣ ካልቻሉ ቁጭ ብለው፣ ያንንም ካልቻሉ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ ነግረዋቸዋል። ውሃ የሚጎዳው ተየሙም ያደርጋል። ከረጢት የተገጠመለት ወይም ሽንቱን መቆጣጠር የማይችል ሰው ለእያንዳንዱ ሶላት ወቅቱ ሲገባ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው አይጎዳውም። ለሕመም ሲባል ሁለት ሶላቶችን ስለማጣመር በዑለማዎች መካከል ልዩነት ስላለ የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ።

አምስተኛ፣ ጾም። አላህ ለታመመ ሰው ማፍጠርን ፈቅዶለታል። የሚድን ከሆነ በኋላ ቀዷ ያወጣል፤ የመዳን ተስፋ የሌለው ሕመም ከሆነ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ይመግባል። በረመዷን «እጾማለሁ» ብሎ ክኒኑን የሚተው ታማሚ አላህ የሰጠውን ስጦታ እየመለሰ መሆኑ በፍቅር ይነገረው። ጤነኛ ሆኖ፣ መንገደኛም ባልነበረበት ጊዜ ይሠራው የነበረው በጎ ሥራ፣ ሲታመምና መንገድ ሲወጣ እንደሚጻፍለት በቡኻሪ ተዘግቧል።

ለመጠየቅ ስትሄዱ

ታማሚን መጠየቅ ትልቅ አጅር ያለው ሥራ ነው። በቂያማ ቀን አላህ ባሪያውን የታመመ ባሪያዬን ሳትጠይቅ ቀረህ ብሎ እንደሚወቅሰው፣ ቢጠይቀው ኖሮ አላህን እርሱ ዘንድ ያገኘው እንደነበር በሐዲሰል ቁድስ ተነግሯል። ነገር ግን ጥየቃ አደብ አለው።

ጉንፋን ወይም ሳል ካለባችሁ ደውላችሁ ዱዓ አድርጉ እንጂ አትሂዱ። ብዙ አትቀመጡ። «እገሊትም በዚሁ በሽታ ነው የሞተችው» አትበሉ። «አላህ በምን ወንጀል ይሆን የያዛት» የሚል ወሬማ በደል ነው፤ ነቢያትም ታመዋል። ሕክምናውን አስመልክቶ ምክር ከመስጠታችሁ በፊት «ምን ላግዛችሁ?» በሉ። ኬሞ የሚወሰድበትን ቀን አብሮ መሄድ፣ ልጆቹን ማዋል፣ አንድ ምሳ ሠርቶ መላክ ከአንድ ሰዓት ምክር ይበልጣል።

ገንዘብም ትልቅ ፈተና ነው። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር የሚሰጠው። በቅርብ ዓመታት በጅማም ተጀምሯል፤ ሆኖም ከክልል ለሚመጣ ሰው መጓጓዣው፣ ማደሪያውና ወረፋው አሁንም ከባድ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል መጥተው ማደሪያ ለሚያጡ ታማሚዎች መጠለያ ያዘጋጃል። ይህን ማኅበር የመሠረቱት ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ናቸው። እኛስ? ለመታከሚያ ያጣ ድሃና በሕክምና ዕዳ የተያዘ ሰው ዘካ ከሚገባቸው ሰዎች መካከል ነው። የመስጂድ ጀመዓ አንድ ታማሚን ለአንድ ዙር ኬሞ ቢያደርስ ይህ ሰደቃ ነው፤ የሕዝባችንም አቅም ይችለዋል።

አስታማሚውም ሰው ነው

በበድር ዘመቻ ጊዜ ዑስማን (ረ.ዐ) አልተሳተፉም። ባለቤታቸው፣ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቅያ፣ ታመው ስለነበር እርሳቸውን እንዲያስታምሙ ነበር የቀሩት። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) በበድር የተገኘ ሰው አጅርና ድርሻ እንዳላቸው ነገሯቸው። ይህን ቡኻሪ ዘግበዋል። በኢስላም ታሪክ ከበድር የሚበልጥ ቀን የት አለ? የታመመች ሚስትን ማስታመም ግን ከዚያ ቀን ጋር ተቆጠረ። ሩቅያ (ረ.ዐ) ከዚያ ሕመም አልዳኑም። የዑስማን አጅር ግን በመዳናቸው ላይ የተንጠለጠለ አልነበረም።

ይህን የምነግራችሁ ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብላችሁ የምታነጉ ልጆች፣ ባሎችና ሚስቶች ናችሁ። ሥራችሁ ዒባዳ ነው። ነገር ግን ዒባዳ ያደክማል። ተራ አውጡ፤ ሸክሙ በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ብቻ አይውደቅ። እኔ በመጨረሻ ማስተማሩን የተውኩት ተራ የሚገባልኝ ሰው ባለመጠየቄ ነው። ማልቀስ ቢመጣባችሁም አልቅሱ። ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ዓይናቸው እስኪጠፋ አልቅሰዋል፤ ሰብራቸው ግን በቁርኣን የተመሰገነ ነው። ሰብር ማለት ያለመታመም ወይም ያለማዘን አይደለም፤ በአላህ ላይ አለማማረርና የሚገባውን ሥራ አለመተው ነው።

ተስፋ ምንድን ነው?

እናቴ ከአራት ወር በኋላ ሕክምናውን ቀጠለች። የቀራትን ኬሞ ጨረሰች፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ጨረሩንም ወሰደች። ከዚያ በኋላ ሦስት ረመዷን አብራን አሳለፈች። በሁለተኛው ጾመች። በሦስተኛው በሽታው ተመልሶ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ስለነበር በእርሷ ፈንታ ሚስኪን አበላን።

ሐኪሙ ከዚህ በኋላ የሚያድን ሕክምና እንደሌለ ሲነግረን ተስፋችን ያለቀ መስሎኝ ነበር። ተስፋ ግን መልኩን ይቀይራል እንጂ አያልቅም። መጀመሪያ የምንለምነው እንድትድን ነበር። ኋላ ሕመሟ እንዲቀንስ፣ ልቧ እንዲረጋ፣ በሸሃዳ እንድትሄድ ለመንን። በሐኪም ትእዛዝ ሞርፊን መውሰዷ «ሐራም አይደለም ወይ?» ያሉ ነበሩ፤ ለከባድ ሕመም በሐኪም ሲታዘዝ በዶሩራ የተፈቀደ ነው። ሕመሙ ሲታገስላት ተስቢሕ ማድረግ ቻለች። አላህ ይዘንላት።

ዕድሜዋ በአላህ ዘንድ የተጻፈ ነበር፤ በዚህ አምናለሁ። የዚያን ቀን ዝምታዬ ግን የእኔ ሥራ ነው፤ ስለ እርሱ አላህን ምሕረት እለምናለሁ። እናንተ ግን ዝም አትበሉ። ቤታችሁ ውስጥ አንድ ሰው «ለአላህ ስጡትና ተዉት» ሲል፣ በአደብና በለሰለሰ ድምፅ «ለአላህ ሰጥተነዋል፤ ለዚያም ነው ነገ ለቀጠሮው የምንሄደው» በሉ።

አላህ የታመሙብንን ሁሉ ያሽርልን፤ አስታማሚዎችን ያበርታ፤ የሞቱብንን ይማር። አሚን።